የጳጉሜ ደብዳቤ

ወይዘሮ ፍሬሕይወትን ያገኘኋት ቀን
ሐይቁ ዳር፣ ሾላ ሥር፣ ጠረጴዛ ይዘን፣
ላፕቶፔን ከፍቼ ገና ስጀምር
መብራት ድርግም አለ፤ ቀረሁ ያለ ቁጥር።
«ግድ የለም፣ በአፍሽ ንገሪኝ» አለች።
ነገርኳት፦ ዓሣው ከመረቡ ወጥቶ
ገበያ ሳይደርስ በፀሐይ ተመትቶ
ከሦስቱ አንድ እጁ ገምቶ እንደሚጣል፤
ያው ፀሐይ ቢገራ፣ ሣጥን ውስጥ በረዶ ጋግሮ፣
ዓሣውን እስከ ማታ ትኩስ እንደሚያውል።

ሻዩዋን በማንኪያ ቀስ ብላ አማሰለች።
«ዛሬ ብር አልሰጥም፤ ግን አልሄድኩም» አለች፤
«ምንም ሳትጠይቂ ጻፊልኝ በየወሩ፤
የሞላውንም ጻፊ፣ የጎደለውንም ከነቁጥሩ።»

ሌሎችም ነበሩ። ካርዴን ተቀብለው፣
የጢስ ዓባይን መንገድ እኔኑ ጠይቀው፣
«እንነጋገራለን» ብለውኝ የሄዱ፤
ስደውል ስብሰባ፣ ስደግም መንገድ ላይ፣
ስሠልስ የጠፉ፣ የት እንደወረዱ።

ለእሷ ግን ጻፍኩላት።
በጥቅምት፦ «ዐሥራ አንድ ሣጥን ሸጠናል።»
በኅዳር፦ «ዘጌ ላይ ሁለት አከራይተናል።»
መልሷ አንዲት ቃል ነው፤ «ደረሰኝ» ትላለች።
ትርሲት፣ ባልደረባዬ፣ ትስቅብኛለች፦
«ሰውን ማመን ቀብሮ በሚባልበት አገር
አንቺ በደብዳቤ!
ገንዘብ ሊመጣልሽ፣ እንዲያው በነገር።»

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሲጠና
ባትሪዎቹ አበጡ፤ ስድስቱ ሞቱና
የአንድ ሌሊት ልፋት፣ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣
ወደቡ ላይ ወድቆ አሞራ ተሻማው።
ትርሲት በዚያው ሳምንት ባንክ ተቀጠረች፤
የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

«ሁሉም ደህና ነው» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት።
ሐምሌን ዘለልኩት።
ነሐሴን ዘለልኩት።

አንድ ምሽት ከወደቡ ይሁኔን አገኘሁት፤
ታንኳውን ከውሃ ጎትቶ አውጥቶ
ድንጋይ ላይ ሲያቆመው፣ ደንገሉን አስደግፎ።
«ዛሬኮ አልወጣህም፤ ምን አደከመህ?» አልኩት።
«ደንገል ውሃ ሲጠጣ ድምፅ የለውም» አለኝ፤
«ሲሰምጥ ነው የሚናገር፤ ያን ጊዜ ማን ሊሰማኝ?
በየማታው አውጥቼ ንፋስ ካላስመታሁት
ጠዋት አላምነውም፤ ራሴው ነኝ የከዳሁት።»

ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል። ልጆች በዝናቡ ሲቦርቁ
ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት። ጣቶቼ ደረቁ።
«ሁለት ወር ዝም አልሽኝ» አለች፤ አልተቆጣችም።
«ክፉ ወሬ ለምጃለሁ፤ ዝምታ ግን አልችልም።»

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ በቁጥር ጻፍኩላት፤
ከኪሳራው ጀመርኩ። ባትሪውን፣ አሞራውን፣
የትርሲትን ቁልፍ፣ ባንክ የቀረንን
አንድ ወር የማያሻግር ገንዘብ፣ ሁሉን አልኳት።

«ደረሰኝ» አላለችም።
መጣች።

ጎህ ሳይቀድ ወደቡ ላይ፣ በጎማ ጫማ ቆመች፤
እኔን አልፋኝ ሄዳ ይሁኔን ጠየቀች፦
«ዓሣው የገማብህ ቀን ይችን ልጅ ምን አልካት?»
«ሰደብኳት።»
«እሷስ?»
«የዓሣዬን ዋጋ ከኪሷ ከፈለች፤
ባትሪውን ፈታታ እስኪመሽ ጭቃ ላይ ተቀመጠች።»
ወደ እኔ ዞረች። ይህን አልጻፍኩላትም ነበር።

የጠየቅነውን ሙሉ አልሰጠችም፤ ግማሹን ሰጠች።
«ከሁለት ሰዎች ጋር አስተዋውቅሻለሁ» አለች፤
«ዛሬ ጀምረሽ ጻፊላቸው።
የሚያስፈልጉሽ ለከርሞ ነው።»

ፊርማው ሐሙስ አለቀ። ዓርብ ብሩ ገባ።
ልጆቹ ሲጨፍሩ፣ ቢሮው ሲንጫጫ፣
እኔ አንድ ጥግ ይዤ፣ መስኮቱን ከፍቼ
ሦስት ስም ከላይ ጻፍኩ፤ ከሥሩ እንዲህ ጀመርኩ፦
«በዚህ ወር የተሰበረው...»

ማዶ፣ ወደቡ ላይ፣ ይሁኔ ታንኳውን ያወጣል።
ደንገሉ
ይንጠባጠባል።