የሮማን ሰሞን

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሳጥን እከፍታለሁ፣
የሙቀቱን ቁጥር አይቼ እጽፋለሁ።
ሳጥኑ ነጭ ነው፣ ባለ አራት እግር፣
ቆሟል ከሸዋ በር፣ ከቅጥሩ ባሻገር።

ሕዳር ከታጠነ፣ ጭሱ ካለፈ ኋላ፣
ውርጭ ሲያቆረፍደው የጀጎልን ገላ፣
አንድ ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ቀን፣
ሙቀት ይመለሳል፣ የረሳ ይመስል ዕቃውን።

ጋሽ ዘለለው ነበሩ ቀድሞ መዝጋቢው፤
ሞተዋል፤ የቀረው መዝገባቸው ነው።
በየሕዳሩ ማለቂያ፣ ከቁጥሩ አጠገብ፣
አንዲት ቃል አለች፣ በእርሳስ የምትነበብ፦
«ሮማን»። ይኸው ነው፣ ምንም ሳይጨምሩ፣
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴም ሳያብራሩ።

ጠየቅሁ።

የመኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊ አብዱረዛቅ፣
«ይሄን ማን ያጣዋል?» አለኝ በሳቅ በሳቅ፤
«ፍሬው ነው፣ ፍሬው! ከኤረር ሸለቆ፣
ኋለኛው ሮማን ሲመጣ ተሰንጥቆ፣
ፀሐይ ለሱ ብላ ጥቂት ትቆያለች፣
እሱ ቀልቶ ሲያልቅ ሻንጣ ታነሳለች።»

ሱሪ ሊያሳጥር እዚያው የተቀመጠው፣
የባቡር ጡረተኛ፣ ከድሬ የመጣው፣
አንገቱን ነቀነቀ፤ «ውሸት ነው፣ ልንገርህ፤
ሮማኖ ነው ስሙ፣ ፍሬውን ተው ባክህ፤
ጣልያን ግንበኛ ነበር፣ ኖራው አልደርቅ ብሎት፣
ከደመና ጋራ ቁማር ይዞ ሌሊት፣
ዘጠኝ ፀሐይ በላ።» «ማን ነገረህ?» ስለው፣
«አባቴ።» «ለሱስ ማን?» «ራሱ ቁማርተኛው።»

አይ መይሙናን ግን ያገኘኋት ኤረር በር ነው፣
የፍራሽ ጥጥ ስትነድፍ፣ ብናኙ ፀጉሯን ሸፍኖት፣ ነጭ አድርጎት፣ ማቄን ጨርቄን ሳትል ቀጠለችው፦

«ፍሬም፣ ጣልያንም አይደል። ሩማና ነው ስሟ፤
ፍራሽ ነበር ሥራዋ፣ ጥጥ ነበር ዓለሟ።
ያ በሽታ በገባ፣ በሕዳሩ ጊዜ፣
ሰው የሟቹን ልብስ ሲጥል በድንጋዜ፣
እሷ ግን ፍራሹን ከየደጁ ለቅማ፣
ጥጡን አጥባ ዘረጋች፣ ግንቡ ላይ፣ በጨለማ።
ውርጭ ነው። አይደርቅም። ሕፃናት ቀርተዋል፣
ወላጅ የሌላቸው፣ መሬት ላይ ተኝተዋል።
ዱዓ አላደረገች፣ አላለቀሰችም፣
እንደ ሱቅ ልጅ ጠራችው፣ አልተለማመጠችም፦
‹ና!› አለችው ፀሐዩን፤ ‹ና፣ ሥራ አለብኝ!›
መጣ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ። እናቴ ናት የነገረችኝ፤
በዚያ ጥጥ ላይ ነው ተኝታ ያደገችው።
ከአማርኛ አፋችሁ ነው ‹ና› የወደቀችው።»

እንጃ። ልብስ ሰፊው ሰምቶ ሳቀብኝ፤
«ፍራሽ ልታሳድስህ ነው» አለኝ።

ዘንድሮ ዋናው ቢሮ አዲስ ቅጽ ልኳል፤
«ማስታወሻ» የሚለው ዓምድ ከላዩ ጠፍቷል።
ሕዳር ሃያ ሰባት። ጣቴ ደንዝዟል።
ሳጥኑን ዘጋሁና፣ ግራ ቀኝ አየሁ፣
ማንም አለመኖሩን። ቀስ ብዬ «ና» አልሁ።

ፀሐዩ እንደሆነ ገና ነው፣ ከደመና ኋላ፤
የመጣው የዘበኛው ውሻ ነው፣ ጭራውን እየቆላ።