የጠርሙሱ ወለል

ሐደራ ነው ቤቴ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፤
ከባሕሩ ጥግ ቆሞ፣ ከመስኮቴ የሚታይ
ያ የመብራት ኃይል ጭስ ማውጫ
ሌሊቱን ቀይ ዓይኑን ያርገበግባል።
እሱ በሽቦ ላይ ላገር ብርሃን ይልካል፤
የኔ ሰም በድስት፣ በትንሽ እሳት ይቀልጣል።

ጠርሙሱ የሪማ ነው፣ የታችኛዋ ጎረቤቴ፤
ኪያር በጨው አኑራ፣ በልታ ስትጨርስ፣ ትልካለች ወደ ቤቴ።
ቢታጠብ ቢታጠብ ነጭ ሽንኩርቱ አይለቅም፤
ገዢ አሽትቶ ይስቃል፣ እኔ ግን አልደብቅም።
እሷ ከሚንስክ ናት፣ እኔ ከወገራ፤
ዕብራይስጣችን አንድ እፍኝ ነው፣ በእጅ ነው የምናወራ።

ሰም ማቅለጥስ ቀላል፤ መከራው ክሩ ነው።
ከወለሉ አቁሜ፣ ቀጥ አርጌ ብተወው፣
ትኩሱ ሲወርድበት እግሩን ይነቅልና
እንደ ሰከረ ሰው ይዞራል፣ በጎኑ ይተኛና
ሰሙ ይረጋበታል።
ሙጫ ሞከርኩ፤ ሙጫው ሙቀት ፈራ።
የልጅ ልጄ ናቮ ማስቲካውን ካፉ አውጥቶ
"በዚህ ለጥፊው" አለኝ፣ እንደ ሐኪም ግንባሩን ቋጥሮ።
ለጠፍኩት። እስኪሸጥ ድረስ ያዘ።

"ሰምና ወርቅ" ይላሉ የተማሩ ሰዎች።
እኔ ሰሙ ብቻ ነው ያለኝ፣
ኪሎውን በሃያ ሁለት ሰቅል የገዛሁት።

ያንን የማስቲካውን ለማን ሸጥኩት?
ለአቶ ፈረደ። አርብ ጠዋት፣ በሹኩ፣ ከሎሚ ሻጩ አጠገብ።
ሳንቲሙን አንድ ባንድ ቆጥረው፣
ጠርሙሱን እንደ ጨቅላ ደግፈው ሄዱ።

እሑድ ይዘውት መጡ።
አሳንሰሩ ተበላሽቶ፣ ፎቁን በእግር ወጥተው፣
ወንበር ሳልሰጣቸው ተቀምጠው፣ ላባቸውን በባርኔጣቸው ጠርገው፣
"የማሪቱ ተዝካር ነበር" አሉኝ።
"ቅዳሜ ማታ ለኮስኩት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ብነቃ፣ ጨለማ።
ክሩ ወድቆ ሰምጧል።
ገንዘቤን መልሺ አላልኩም።
ማሪቱ ግን፣ ሃያ ዓመት ዳቦ ቤት ቆማ የሠራች፣
ታማ እንኳ ጋደም ማለት የማትወድ፣
ለሷ የተለኮሰ ነገር እንዴት ይተኛል?"

ምን እላለሁ? ማስቲካ ነው እላለሁ?

ያን ሌሊት ሪማን ቀሰቀስኳት። በሌሊት ልብሷ መጣች፤
ባዶ ጠርሙስ አንስታ ጣቷን ወለሉ ላይ አሸች፤
አውጥታ አሳየችኝ፦ ቅባት።
ዓይኔ ያላየው፣ እጄ አጠብኩት ያለው።
በኮምጣጤ አጠበች፣ በጨርቅ አደረቀች፤
ከወደቀው ሻማ፣ ከማሪቱ፣
አንድ ጠብታ አቅልጣ ከወለሉ አንጠበጠበች።
የክሩን ቆርቆሮ እግር ጠብታው ላይ አስቀምጣ፣
በናቮ እርሳስ ቂጥ ተጭና
በራሷ ቋንቋ እስከ ሃያ ቆጠረች።
እኔም በራሴ። ሃያ ላይ ተገናኘን።

ላዩን በልብስ መቆንጠጫ ይዘን፣
ድስቱን ከእሳት አውርደን፣ ቁጣው እስኪበርድ ጠብቀን፣
ቀስ፣ ቀስ፣ በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል።
ክሩ ንቅንቅ አላለም።
ሰኞ ጠዋት ወሰድኩላቸው፤ ሂሳብ አልተነጋገርንም።

በሳምንቱ መጡ፣ አሁንም በእግር፣ አሁንም ማንም ሳይጠራ፤
ባዶውን ጠርሙስ ይዘው፣ አጥበውት እስኪያበራ።
"ቅሬታ አለኝ" አሉ።
"ነድዶ ነድዶ አልቋል፣ ከማታ እስከ ማታ፣ ቀጥ እንዳለ።
ጠርሙሱን ለስኳር ፈልጌው ነበር፤
ይህች ቆርቆሮ ግን በማንኪያ ብል፣ በቢላ ብል፣
አልለቅ አለችኝ።"

ወደ መስኮቱ አዞርኩት።
ከወለሉ መሐል፣ ሰቅል የምታህል፣ ጠቁራ፣
ተጣብቃለች።
"ታዲያ ምን ላድርግልዎ?" አልኳቸው።
"ምንም" አሉ። "ምንም አታድርጊ።
ስኳሩን ከላይዋ እጨምራለሁ።"