ምላስና ምላጭ

ሰቱባል ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
አንዲት ፀጉር ቤት አለች፤ ደወሏ የምታቃጭል ሰው ሲገባ።
ሁለት ወንበር፣ አንድ መስተዋት፤ ደንበኛው ግን የሚያየው
መስተዋቱን አይደለም፣ ከጎኑ የቆመውን ነው፦
ሦስት መቶ ሊትር ውኃ፣ አክሪሊክ ያቀፈው።

ባለቤቱ አዴሊኖ ነው። አርባ ዓመት ላጭቷል፤
ስንት ጉሮሮ በእጁ ሥር ቀና ብሎ አልፏል፤
የመርከብ ጠጋኝ፣ የጨው ነጋዴ፣ የቄሱ ሻካራ አገጭ፣
አንዱንም አላደማ። «ቆዳ አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው ምላጭ።»

እኔ ረዳቱ ነኝ። ፀጉር እጠርጋለሁ፣ ፎጣ አሞቃለሁ፣
ሰኞ ሰኞ፣ ቤቱ ሲዘጋ፣ ገንዳውን እወለውላለሁ።

በመጀመሪያው ሰኞ እጄን ይዞ እንዲህ አለኝ፦
«ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ፣ ዛካሪያስ፣ ባልተጨነቅሁ፣ ግድ ባልሰጠኝ።
አክሪሊክ ግን የሕፃን ጉንጭ ነው። ምላጭ አታስጠጋ።
የድስት መፈግፈጊያ በዚህ ቤት አይግባ።
ማግኔት የሚሉትንም ተወው፤ አንዲት አሸዋ ከሥሩ ከገባች፣
ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ መንገድ ቀድዳ ወጣች።
ጨርቁን እጠበው። ድገምና እጠበው። በጣትህ ዳስሰው።
ከዚያ ከታች ወደ ላይ ሳብ፤ አሸዋው ታች ነው።»

ከዚያ ፕሌኮው መጣ።
የወደቡ ክሬን ነጂ፣ ኖርቤርቶ፣ በቀለም ባልዲ አምጥቶ
«ዋቅላሚህን ይልስልሃል» አለ፤ የተላጨበትን ሳይከፍል ወጥቶ
ሄደ።

ጥቁር ነው። ቅርፊቱ ጋሻ፣ አፉ ከአገጩ ሥር የተሰፋ፤
ሌሊቱን ሲፍቅ አድሮ፣ ስንከፍት አረንጓዴው ጠፋ።
አዴሊኖ ሁለት ሳምንት እያፏጨ ላጨ።
በሦስተኛው፣ የከሰዓት ፀሐይ በአግድም ስትገባ፣
ፉጨቱ ከከንፈሩ ላይ ተቀጨ።

ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጭረት። ከጎኑ ሌላ። ከዚያ መቶ።
ማዕዱ አልበቃው፤ ገበታውን ጭምር ፍቆ በልቶ።
«ምላስ ነው ብዬ ያስገባሁት» አለ «ምላጭ ኖሯል።»
ሌላ አልተናገረም። በተራበ ማን ይቆጣል?
በዚያው ባልዲ መንገድ ተሻግሮ፣ ከፊት ለፊቱ ብሎን ቤት፣
ዶና ግራሲንዳ ዘንድ ሄደ፤ የእሷ ገንዳ ብርጭቆ ነው፣ ይችለዋል።

በምትኩ ስድስት ኦቶ ገዛ፤ ርዝመታቸው የክብሪት እንጨት፣
አፋቸው ሳሚ እንጂ ነካሽ ያልሆነ፣ የማይታይ ጥርስ ያለበት።
ሁለቱ በሳምንቱ ሞቱ። ለእኛ ንጹሕ የመሰለን ግድግዳ
ለእነሱ ኖሯል ባዶ ጓዳ።
«የኋላውን አትጥረግ፣ ይለምልም» ብሎ አዘዘኝ፤
ዝኩኒ ቀቅሎ፣ በክር ከድንጋይ አስሮ፣
ለቀሩት አራቱ አወረደ።

ጭረቱስ? ውኃ እስካለ አይታይም።
ውኃ ቁስሉን ይሞላዋል፣ እያሳሳቀ ይደብቃል።
ያለፈው ሰኞ ግን ልናለሰልሰው አፈሰስነው፤
ገንዳው ሲደርቅ
የተደበቀው ሁሉ ገጠጠ።

ግማሽ ጨረቃዎቹ እዚያው ነበሩ። በመካከላቸው ግን
አንድ ረጅም፣ ቀጥ ያለ መስመር፣
ከታችኛው ጥግ ተነሥቶ ክንዴ እስከሚደርስበት።
አወቅሁት። የግንቦቱ ሰኞ ነው፤ ኳስ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር፣
ጨርቁን አላጠብሁም። አልተናገርሁም።
ዓሣው በባልዲ ሲሰደድ
ባልዲውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ።

አዴሊኖ ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ፣ ዝግ ብሎ።
«ዓሣ» አለ፣ «ቀጥ ብሎ አይሄድም።»
ይኸው ነው። ማለስለሻውን ጥጥ ሰጠኝ።
እስኪመሽ አሸሁ፤ ግማሹ ጠፋ፣ ግማሹ ቀረ።

ስጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣
ፎጣው ከአንገቱ፣ አገጩ ወደ ላይ።
ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ከመቼ ጀምሮ ይሆን?
«ዛካሪያስ» አለ፣ «ዛሬ አንተ ላጨኝ።»

ምላጩን አነሣሁ።
መልሼ አስቀመጥሁት።
ጨርቁን አጠብሁ፣ ደግሜ አጠብሁ፣
በጣቴ ዳሰስሁት።