የጎደለችው ‹ር›

ከአልቶና ወጣ ብሎ፣ ከሱፍ ማሳው ጫፍ ላይ፣
ጎተራ ውስጥ ቆማለች፣ አርባ ዓመት ፀሐይ ሳታይ።
ስቱድቤከር ላርክ ናት፤ የወፍ ስም ያላት፣
ወፎቹ ግን ኩሳቸውን እንጂ ክንፍ አላበደሯት።
አራቱም ጎማዋ ከመሬት ተጣብቋል፣
የኮፈኗ አቧራ ጣት ሙሉ ይውጣል።

ኢርማ ፍሪሰን ናት ደውላ ያስመጣችኝ፣
ቁልፉን ከሻይ ቆርቆሮ አውጥታ የሰጠችኝ።
‹‹የኮርኒ ናት። ልሸጣት አይደለም፤ ልነዳም አልችልም።
እንዲያው ትነሳ እንደሁ . . .›› አለች፤ አልጨረሰችም።

የቀን ሥራዬ የኮምባይነር ጥገና፤
ማታና ቅዳሜን ሰጠሁ እንግዲህ፣ ለወፏ መኪና።

ኮፈኑን ስከፍተው፣
አይጥ ፊልትሮው ላይ ቤት ሠርታ፣ ወልዳ ከብዳ ሄዳለች፤
የወንበሩን ጥጥ መዝዛ ፍራሽ አንጥፋለች፤
የኮርኒን የመንገድ ካርታ መጋረጃ አድርጋለች፤
ከሬጂና ወዲያ ያለውን አገር ግን በጥርሷ ጨርሳለች።

አራተኛው ፒስተን ዝጓል።
በረጅም ቁልፍ ብገፋው፣ በሙሉ ክብደቴ ብንጠለጠል፣
እንደ ባለ ዕዳ ነው፤ ቤት አለ፣ በር አይከፍትም።

ሞተር ማለት እንግዲህ፣ ፊደሉን ሲቆጥሩት፣
‹ሞተ› ነው፤ ከኋላው አንዲት ‹ር› ጨመሩበት።
የጠፋችው ያቺ ‹ር› ናት፤
ያቺን ነው በካቻቪቴ ጎተራ ለጎተራ የምፈልጋት።

ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ በስድስቱ ጉድጓድ
ዘይትና ናፍጣ ደባልቄ፣ እንደ ታማሚ፣ በጠብታ አጎረስኩ።
ሰኞ ምንም። ማክሰኞ ምንም። ረቡዕ በረዶ ጣለ።
ኢርማ ካፖርቷን ደርባ ከበረንዳ፣ ‹‹እህ?›› ትለኛለች።
‹‹ዛሬም›› እላታለሁ።
‹‹ዛሬም›› ብላ ትገባለች።

ሐሙስ ማታ ቁልፉ የፀጉር ያህል ሄደ።
ፀጉር! ግን ሄደ።
እጄን አላመንኩትም፤ ምልክት አኖርኩ በጠመኔ፣
ደገምኩት፤ ጠመኔው ፈቀቅ አለ ወደኔ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጉልበት አይጠይቅም።
ፕላቲናውን በክብሪት ቀፎ ጎን ሞረድኩ፤
ካርቡሬተሩን ሳራግፍ የከረመ ቤንዚን አፍንጫዬን መታው፣
ዝልግልግ ያለ፣ የሳጥን ቀለም የሚሸት።
አዲስ ባትሪ። አዲስ ቱቦ። ነዳጁን ደግሞ
ከጣሪያው በቆርቆሮ አንጠለጠልኩላት፣ እንደ ጉሉኮስ።

ቅዳሜ ረፋድ ኢርማ ወንበር ይዛ መጣች።
ጋቢና ገባሁ። ሞተሪኖው ነከሰ። ለቀቀ። ነከሰ።
አንዴ አሳለች፤ ከማርሚታው ወጣ
ጥቁር ጭስ፣ የሱፍ ቅርፊት፣ የአርባ ዓመት ቁጣ፤
ከዚያም፦

ር . . .
ርር . . .
ርርርርር!

እርግቦቹ በጣሪያው ቀዳዳ ሸሹ።
ወርጄ ሚኒሞዋን አስተካከልኩ፣ እንደ ድመት እስክታንኮራፋ፣
ሳንቲም በጠርዙ ቢያቆሙባት እስከማይደፋ።
ኮርቼ ዞር አልኩ።

ኢርማ ራሷን ነቀነቀች።
‹‹ይህች የሱ አይደለችም›› አለች።
‹‹የኮርኒ ታነክሳለች። ትሄድ ትሄድና አንዷን ትዘላለች።
ከድልድዩ ማዶ ሲመጣ በዚያ ነበር የማውቀው፤
ሾርባውን በዚያች ዝላይ ነበር እሳት ላይ የምጥደው።››

የታመመ ሞተር ሳድን ሠላሳ ዓመት የኖርኩ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ጤነኛ ላሳምም ጀመርኩ።
ሩብ ዙር ወደ ግራ። ‹‹አይደለም።›› ጥቂት ወደ ኋላ።
‹‹ቀርበሃል።›› የፀጉር ያህል። ያችኑ ፀጉር፣ እንደገና።

ታ ታ ታ ታ . . . ዝም።
ታ ታ . . . ዝም።

ኢርማ ዓይኗን ጨፈነች። ጉልበቷ ላይ ያረፈው እጇ
ዝምታው ሊመጣ ሲል፣ ከኔ ጆሮ ቀድሞ፣ ብድግ ይላል።
‹ር› እየጎደለች፣ ‹ር› እየተመለሰች፣
ነዳጁ ከቆርቆሮው እስኪያልቅ ሰማች።
እኔ አላጠፋኋትም፤ ራሷ ቆመች።

‹‹የእጅህ ስንት ነው?›› አለችኝ። ቁልፉን ሰጠኋት።
ወደ ሻይ ቆርቆሮው አልመለሰችውም፤
ኪሷ ውስጥ ሲንኳኳ እስከ በሩ ሰማኋት።