ጮክ በል

ሁለት ሞተር ፈታ ዱርሱን ጎንበስ ብሎ፣
በትራብዞን ወደብ ከዝናብ ተጠልሎ።

አንዱ የኢልክኑር ነው፤ ዓሣ ጭና ማልዳ፣
በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ቀድዳ
ስታስጮኸው፣ ሰፈር ተነስቶ እየረገማት፦
«ጨረሰችው በቃ! ምናል ብታዝንለት!»

ሌላው የሳቢት ነው፤ ጡረተኛ መምህር፣
አምስተኛ አስገብቶ ዳገት የሚጀምር፣
እንዳይጎዳ ብሎ ጋዝ እየነፈገ፣
እንደ አንድ ልጁ በዝምታ ያሳደገ።

ዱርሱን ባትሪ አበራ። የልጅቱ ፒስተን
ገና ያብለጨልጫል፤ የመምህሩን ግን
ጥላሸት ውጦታል፣
ኩሽኔታው ተበልቷል።

«ጩኸት አይገድልም፤ ዘይቱን ካልነፈጉት፣
ሳይሞቅ ካላስጮኹት፣ ቀዩን ካላለፉት።
ዳገት ላይ አፍኖ መጎተት ነው ሞቱ።»
ሳቢት ኮፍያውን አወለቀ፤ ደም መሰለ ፊቱ።

ዋጋውን ሲጠይቅ በሹክሹክታ ጠየቀ፤
«ጮክ በል!» አለው ዱርሱን፣ ብሎን እያጠበቀ።