ኢዮጴ፣ ጫማ በእጅ

«ካቶሊክ አያወልቅም» አለኝ ዘበኛው፤
አውልቄ ገባሁኝ፤ እግር ልማድ አይተው።

የያፎ ማዕበል በመስኮት ይሰማል፣
ወለሉ ከእግሬ ሥር እንደ ምንጭ ይበርዳል።
አንዲት አስታማሚ ከማኒላ መጥታ
ሻማዋን አቆመች አሸዋው ውስጥ ገፍታ።

እኔ ሻማ የለኝ። ጫማዬን ታቅፌ
ከጴጥሮስ ፊት ቆምኩኝ ዓምዱን ተደግፌ።
ቆዳው የአባቴ ነው፣ በእጁ ያለፋው፣
ጎረቤት በዋንጫው አንዴም ያላጠጣው።
«ፋቂው» ነበር ስሙ እስኪቀበር ድረስ፣
ለማኅበር ለዝክር ደጁ የማይደረስ።

ጴጥሮስ ሆይ፣ አንተ ግን እዚህ ባሕሩ ዳር
ከፋቂው ስምዖን ቤት አያሌ ቀን ስታድር፣
ሸተተህ ወይ ቆዳው ሲሰጣ ከደጅ?
ወይስ ተሳለምከው የሰውዬውን እጅ?

ዝም አለኝ።
ስወጣ አጠለቅሁት፤ ጫማው ሞቆ ነበር።