እቃ የሌለው እቃ ቤት

በወረቀቴ ላይ አርባ ወንበር ነበር፣
አርባውም ፊቱን ወደ ካርድ ክፍሉ፣ እንደ ሰልፍ ወታደር።
መስመሬ ቀጥ ያለ፣ ስሌቴ የጠራ፣
ለሆጤ ጤና ጣቢያ የተጠባባቂ አዳራሽ ስሠራ።

ዘበኛው ይመር ግን ንድፌን አገላብጦ፣
መፋቂያውን ከጥርሱ አውጥቶ፣ ከጆሮው አስቀምጦ፣
«ሸጋ ነው» አለኝ፤ «እንከን አይወጣለትም።
ሰው ግን የለበትም።

ነገ በአስራ ሁለት፣ ጉም ሳይነሳ ና፤
ካርድ አውጥተህ ተቀመጥ፣ እንደ ሰው ታመምና።»

መጣሁ።
ጦሳ ተከናንቦ ጉሙን እንደ ጋቢ፣
ወለሉ ሲሚንቶ፣ ቅዝቃዜ መጋቢ።
ተራ ቁጥሬን ይዤ፣ ሃምሳ ሰባተኛ፣
ተቀመጥሁ፤ ሆንሁ እንግዲህ በሽተኛ።

አንዲት አራስ ለበሩ ንፋስ ጀርባዋን ሰጥታ፣
ለልጇ በገዛ ትከሻዋ ግድግዳ ሠርታ፣
ቆማ አረፈደች።
ሽማግሌው ሊነሱ ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤
እጀታ የለውም፣ ዝቅ ያለ ነው ወንበሩ።
በሦስተኛው ልጃቸው በብብት ገባና፣
«አይዞህ አባ» ሲላቸው፣ አፈሩ እንደገና።

ጉሙ ሲገፈፍ ሰው ሁሉ ወጣ።
ሦስት ሰዓት ላይ በምሥራቁ ግንብ ጥግ ተደርድሮ፣
አምስት ሲል ወደ ደረጃው፣ ከፀሐይ ጋር ዞሮ፣
ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይሰለፍ፣
እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሲያርፍ፣ ሲንፏቀቅ፣ ሲያልፍ።
አንዷ ከወረባቦ፣ አንዷ ከኩታበር፣
ደረጃው ማዕዘን ላይ ጉልበታቸው ሲማከር፣
የዚያችን ማዘዣ ይህቺ እያነበበች፣
የዚህችን እንቅልፋም ልጅ ያቺ እያዘለች።

እኔስ? እኔ አርባ ጀርባ ነበር የነደፍሁ።
ወረቀቴን አጠፍሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል
«ዘቢባ እንድሪስ!» አለ የላቦራቶሪው ልጅ፣ ከመስኮቱ።
ወረፋ በዝቶበታል፣ አልፈርድበትም በእውነቱ፤
ግን ውጤቷን ሁላችን ሰማን።
ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች፣ ዞር ዞር አለች፣
ለእንባ የሚሆን አንዲት ጥግ ፈለገች።
አርባ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት በር፤
ጥግ ግን አልነበር።
ሽንት ቤት ገብታ ቆለፈች።

ማታ ጠረጴዛዬ ላይ ሁሉንም ፋቅሁ።
ለሽማግሌ እጅ መደገፊያ፣
ለአራሷ ከንፋሱ መሸሸጊያ፣
ደጁ ላይ ከፀሐይ ጋር የሚዞር የድንጋይ መደብ።
ከጓሮው በኩል ሦስት በሁለት ክፍል ቀነስሁ፤
ጦሳን በመስኮቷ ጠራሁ፣ ከበሯ ቁልፉን ነሳሁ።

«ይህቺስ ምንድን ናት?» አለ ኮሚቴው፣ በእስክሪብቶ ነካክቶ።
ለልቅሶ የበጀት ኮድ በየትኛው መዝገብ ተገኝቶ?
«እቃ ቤት» አልሁ።
ማኅተሙ ወረደ።

አናጢው ፈንታው አግዳሚዋን ከወይራ ጠርቦ፣
በአንድ ሰው ልክ፣ ስልሳ ሳንቲም፣ ጠርዙን አለስልሶ አስውቦ፣
ገጠማት። ኮራሁ።

በወሩ ይመር ደወለ፤ ሳቁ ቀድሞት ይሰማል።
«አንተ ልጅ፣ ና፤ ስሌትህ ጎድሏል።
አልቃሿ ትቀመጣለች፣ አጽናኟ ትቆማለች፣
አጽናኟም እግሯ ሲዝል መሬት ላይ ዝርፍጥ ትላለች፣
ሌላዋ ደግሞ ሰምታ ትመጣለች።
ቅሬ ባለበት አገር
ሰው ብቻውን ያለቅሳል ያለህ ማነው?»

ወይራው አልቆ ነበር። ፈንታው ባሕር ዛፍ ቀጠለበት፤
መጋጠሚያው ይታያል፣ በቀኝ በኩል ዝንፈት አለበት፣
ሰው ሲቀመጥ ይንቋቋል።
አሁን አራት ይይዛል፤ ከተጠጋጉ አምስት።

በየዓመቱ ሐምሌ፣ ንብረት ቆጣሪው መዝገቡን ታቅፎ ይመጣል፤
በሩን ገፋ አድርጎ፣ ያሉትን አይቶ፣
«ይቅርታ» ብሎ ይወጣል።
ከቅጹም ላይ እንዲህ ሲል ይሞላል፦

እቃ ቤት፣ ቁጥር ዘጠኝ።
እቃ፦ የለም።